«ይህን ከየት አገኘኸው?»፤ ስለ ውክፔዲያ የአዘጋጅነት ሕግ አመጣጥና ስለሚያስከትለው ጉዳይ

መግቢያ

ለታሪክ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ አዘውትሮ የሚቀርብለት ጥያቄ «ይህን ከየት አገኘኸው?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም የሙያው መሠረት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ በሚጽፍበት ዘመን አልነበረምና የሚናገረው ሁሉ ከሌላ የተቀበለው ነው። ይኸው ጥያቄ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ወጥቶ፣ ውክፔዲያ በተባለው በኢንተርኔት በሚዘጋጀው መዝገበ ዕውቀት አማካይነት፣ ታሪክን ሙያቸው ላላደረጉ ሰዎችም የሥራ ሕግ ሆኗል። በውክፔዲያ ማንኛውም ሰው፣ ሊቅም ይሁን ተማሪ፣ እውነተኛ ስሙን ሳይገልጽ መጻፍና ሌላው የጻፈውን ማረም ይችላል። ነገር ግን የጻፈው እንዲጸናለት ከፈለገ ከእርሱ አስቀድሞ በታተመና በታመነ ጽሑፍ ማስደገፍ አለበት።

በዚህ አሠራር ላይ ሁለት ተቃራኒ ወቀሳዎች ሲሰነዘሩ ይሰማል። አንዳንዶች «ማንም ያሻውን የሚጽፍበት ነውና ሕግ የለውም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ነገሩን በትክክል የሚያውቀውን ሰው እንኳ አላስገባም የሚል፣ ሕግ የበዛበት ነው» ይላሉ። ሁለቱም በየበኩላቸው ማስረጃ አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ምንጭ የወጣው ሕግ ከምን ችግር እንደ ተወለደ መመርመር፣ በምን ስፍራ እንደሚጠቅምና በምን ስፍራ እንደሚጎዳ ማሳየት፣ በመጨረሻም ታሪኩ ገና በብዙው ላልታተመ አገር ተማሪዎች ምን ዓይነት ግዴታ እንደሚያስከትል ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሊቃውንት መዝገብ ወደ ሕዝብ መዝገብ

ከውክፔዲያ በፊት የነበሩት ታላላቅ መዛግብተ ዕውቀት መተማመኛቸው የጸሐፊው ማንነት ነበር። በ1910 እና በ1911 የወጣው የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ 11ኛ እትም በዋና ዋናዎቹ ጽሑፎች መጨረሻ የጸሐፊዎቹን የስም ምሕጻር ያትም ነበር፤ አንባቢም ያንን አይቶ ጽሑፉን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። ለእኛ ቅርብ የሆነውም ምሳሌ እንዲሁ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀ በኋላ ከ2003 እስከ 2014 በ5 ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ጽሑፎቹን ሁሉ በጸሐፊዎቻቸው ስም አስፈርሟል። በእነዚህ መጻሕፍት «ከየት አገኘኸው?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ «እኔ ዐዋቂ ነኝ፤ ስሜም ይኸው» የሚል ነው።

አሜሪካዊው ነጋዴ ሚስተር ጂሚ ዌልስ እና የፍልስፍና ምሁሩ ዶክተር ላሪ ሳንገር በ2000 ኑፔዲያ የተባለውን መዝገብ ሲጀምሩ ያሰቡት ይህንኑ የቆየ ልማድ ወደ ኢንተርኔት ለማዛወር ነበር። እያንዳንዱ ጽሑፍ በባለ ሙያ ተጽፎ በ7 ደረጃ ከተመረመረ በኋላ ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ሥራው እጅግ አዘገመ፤ ኑፔዲያ በ2003 ሲዘጋ ሁሉንም ደረጃዎች አልፈው የወጡት ጽሑፎች 30 እንኳ አይሞሉም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሌላ ዘዴ ተገኘ። የኮምፒዩተር ሊቅ የሆኑት ሚስተር ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 ማንኛውም አንባቢ ወዲያውኑ ሊያርመው የሚችል ድረ ገጽ ሠርተው ነበር። ስሙንም በሐዋይ ደሴቶች ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ከሆነው «ዊኪ» ከሚለው ቃል ወሰዱት፤ ቃሉን የሰሙት በሆኖሉሉ አውሮፕላን ጣቢያ መንገደኛ ከሚያመላልስ አውቶቡስ ስም ነው። ዌልስና ሳንገር ይህን ዘዴ ለኑፔዲያ መጋቢ እንዲሆን ብለው በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ውክፔዲያን ከፈቱ። መጋቢው ግን ከጌታው በለጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ውክፔዲያ በ18 ቋንቋዎች 20,000 ያህል ጽሑፎች ነበሩት። ዛሬ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይዘጋጃል፤ የእንግሊዝኛው ብቻ በ2020 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ 6 ሚሊዮን ጽሑፍ ሞልቷል።

2. ሕጎቹ ከጠብ እንደ ተወለዱ

በመጀመሪያ ሕግ ብሎ ነገር እምብዛም አልነበረም። እንዲያውም ሳንገር ካቀረቧቸው የመጀመሪያ መመሪያዎች አንዱ፣ ሕግ ሥራን የሚያስጠላና የሚያስጨንቅ ከሆነ ሕጉን ተውት የሚል ነበር። ይህ መመሪያ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ደንብ ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ጠብ መነሣቱ አልቀረም፤ ከየጠቡም አንዳንድ ሕግ ተወለደ።

ከሁሉ የሚቀድመው ያለማዳላት ሕግ ነው። አንድ ጉዳይ ብዙ ወገን ካለው መዝገቡ የየወገኑን አሳብ እንደየክብደቱ ይዘረዝራል እንጂ ለአንዱ አይፈርድም። ይህ ዓይነቱ አሠራር ለእኛ ሰዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንድን ኃይለ ቃል ሲተረጉሙ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ የቀደሙትን መምህራን ሐሳብ በተርታ ያስቀምጣሉ፤ የአንድምታ ስም የመጣውም ከዚህ ነው። ልዩነቱ የአንድምታ መምህር ለብዙ ዓመት የተማረና ከማን እንደ ተማረ የሚታወቅ መሆኑ ነው። የውክፔዲያ አዘጋጅ ግን ማን መሆኑ አይታወቅም።

ይህ ልዩነት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሕግ አስከተለ። ሁለቱም መልክ የያዙት በ2003 ነው። አንደኛው፣ የተጻፈው ሁሉ አንባቢ ሄዶ ሊያመሳክረው በሚችል ምንጭ ይደገፍ ይላል። ሌላው፣ ማንም ሰው ራሱ የመረመረውንና ገና በሌላ ስፍራ ያልታተመውን ግኝት በመዝገቡ ውስጥ አያውጣ ይላል። የኋለኛው ሕግ አነሣሥ የሚያስገርም ነው። ዌልስ ራሳቸው በ2004 እንዳስረዱት፣ ሕጉ በመጀመሪያ የታሰበው በገዛ ፈቃዳቸው አዲስ የፊዚክስ ሕግ አገኘን እያሉ ገጹን የሚሞሉትን ሰዎች ለመመለስ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስለ ፊዚክስ መከራከር ማለቂያ የለውም፤ «ከየት አገኘኸው? የትስ ታተመ?» ብሎ መጠየቅ ግን ክርክሩን በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። እንግዲህ ሕጉ የተወለደው እውነትን ከመናቅ አይደለም። እውነቱን ለመመዘን ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች በሰላም አብረው የሚሠሩበትን መንገድ ከመፈለግ ነው።

ሌሎቹ ደንቦች የዚሁ ተከታዮች ናቸው። በውክፔዲያ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጓደኛ አለው፤ አንዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ የሚያሳየው የገጹ ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው አዘጋጆች የሚከራከሩበት የውይይት ገጽ ነው። የተጻፈውን ወደ ቀድሞው መመለስ ቀላል በመሆኑ ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ አንዱ የሌላውን ሲሰርዝ መዋል ጀመሩ። ስለዚህ በ2004 በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ ቢመልስ እንደሚታገድ ተደነገገ። በዚያው ዓመት ጠባቸው በውይይት ላልበረደ ሰዎች እንደ ዳኛ የሚቀመጥ የሽምግልና ጉባኤ ሥራውን ጀመረ።

ሕጉ መጽሐፍ ላይ መገኘቱ ብቻውን እንደማይበቃ የታየው በ2005 ነው። የቀድሞ ጋዜጠኛና የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩት ሚስተር ጆን ሲገንታለር፣ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው በስማቸው ገጽ ላይ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ እጃቸው እንዳለበት ተጠርጥረው ነበር የሚል ፍጹም ሐሰት ጻፈባቸው። ይህ ነውር ያለ አንዳች ምንጭ ከ4 ወር በላይ ቆየ። ሲገንታለር በኖቬምበር 2005 በዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ነገሩን ሲያወጡ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። በወሩ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ተከለከለ፤ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፈውም ከሌላው ሁሉ ይልቅ በጥብቅ ምንጭ እንዲደገፍ የሚያዝዝ ልዩ ደንብ መዘጋጀት ጀመረ።

በ2007 ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ነኝ ሲል የኖረ አንድ የታወቀ አዘጋጅ ምንም የከፍተኛ ትምህርት ማዕረግ የሌለው የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኘ። አንዳንዶች የአዘጋጆች ማዕረግ እንዲጣራ አሳብ ቢያቀርቡም ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱም ምንጭ ከተጠቀሰ የጠቃሹ ማዕረግ ዋጋ የለውም የሚል ነው። በአንጻሩ ከውክፔዲያ በ2002 የተለዩት ሳንገር፣ አዘጋጆች በእውነተኛ ስማቸው የሚጽፉበትና ባለ ሙያዎች የሚመሩት ሲቲዘንዲየም የተባለ መዝገብ በ2007 ለሕዝብ ከፈቱ። ይህ መዝገብ እንደ ታሰበው ሳያድግ ቀርቷል። ሁለቱን ስናነጻጽር፣ በዐዋቂው ስም ላይ የቆመው መዝገብ ዐዋቂዎችን መጠበቅ እንዳለበት፣ በምንጭ ላይ የቆመው ግን ማንበብ የሚችለውን ሰው ሁሉ ሠራተኛ ለማድረግ እንደ ቻለ እንረዳለን።

3. የቺካጎው ክርክር

እስካሁን የተነገረው ሕጉ ሐሰተኛውን እንዴት እንደሚከለክል ነው። ዐዋቂውንስ? ለታሪክ ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ጉዳይ በቺካጎ ከተማ ከደረሰ የቆየ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

በሜይ 4 ቀን 1886 በቺካጎ ሄይማርኬት በተባለው ስፍራ ሠራተኞች ተሰብስበው ሳለ ፖሊሶች ሊበትኑ ሲቀርቡ ቦምብ ተወረወረ፤ ፖሊሶችና ሌሎች ሰዎችም ሞቱ። አናርኪስት የተባሉ 8 ሰዎች ተከሰው ተፈረደባቸው፤ 4ቱ በኖቬምበር 1887 ተሰቀሉ፣ አንዱ በእስር ቤት ራሱን ገደለ፤ የቀሩትን 3 ሰዎች የኢሊኖይ ገዥ ጆን ፒተር አልትጌልድ በ1893 በምሕረት ለቀቋቸው። ቦምቡን የወረወረው ሰው እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። ችሎቱ የፍትሕ መጓደል ምሳሌ ሆኖ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል።

በኦሃዮ የቦውሊንግ ግሪን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ሜሰር ክሩስ የችሎቱን መዝገብ ራሱን ለብዙ ዓመታት መረመሩ። በውክፔዲያ ግን ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሾቹን ከቦምቡ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላቀረበም የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። ፕሮፌሰሩ ችሎቱ 6 ሳምንት ያህል እንደ ቆየና ከ100 በላይ ምስክሮች እንደ ተሰሙበት ያውቁ ስለ ነበር በ2009 ዐረፍተ ነገሩን አረሙ። እርማታቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተሰረዘ። የችሎቱን መዝገብ ሲጠቅሱ፣ ጥንተ ምንጭን በራስህ ተርጉመህ ማቅረብ አይፈቀድም፣ ሌላ የታሪክ ጸሐፊ ያሳተመውን ጥቀስ ተባሉ። መጽሐፋቸው በ2011 ታትሞ እስኪወጣ ጠብቀው እንደ ገና ቢሞክሩም፣ አሁን ደግሞ ብዙዎች ከሚሉት የተለየውን የአንድ ሰው አሳብ ከሚገባው በላይ ማክበድ ነው ተብሎ ተከለከሉ። ፕሮፌሰሩ ታሪኩን በፌብሩዋሪ 2012 ክሮኒክል ኦፍ ሃየር ኤዱኬሽን በተባለው ጋዜጣ ሲያወጡ ነገሩ መነጋገሪያ ሆነ። ዛሬ ገጹ የእርሳቸውን ጥናት ይጠቅሳል።

በዚህ ነገር ማን ተሳሳተ? ፈጥኖ የሚፈርድ ሰው መዝገቡን ይኰንናል። ነገር ግን ነገሩን በሁለት ወገን ማየት ይገባል። በአንድ በኩል የፕሮፌሰሩ ድምዳሜ ራሱ በሙያ ጓደኞቻቸው ዘንድ ያከራከረ ነው፤ ሌሎች የሠራተኛ ታሪክ ጸሐፊዎች የምስክሮቹን እምነት እየጠየቁ ሞግተዋቸዋል። የማይታወቅ አዘጋጅ በቤቱ ተቀምጦ ይህን ክርክር ሊቈርጥ አይችልም፤ ዐዋቂ ነኝ ያለውን ሁሉ ቢቀበል ኖሮ የፊዚክሱንም ፈልሳፊ መቀበል በተገባው ነበር። በሌላ በኩል ግን ችሎቱ ለስንት ጊዜ እንደ ቆየና ምስክር እንደ ተሰማ ወይም እንዳልተሰማ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። ማንም ማንበብ የሚችል ሰው መዝገቡን ገልጦ ሊያየው ይችል ነበር። የብዙ መጻሕፍት ድምፅ ቢደመር ያልሆነውን የሆነ አያደርገውም።

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ ከሕጉ ይልቅ በሕጉ አጠባበቅ ነው። ያለማዳላት ሕግ አንድን አሳብ አታጥፋ ሲል፣ አዘጋጆቹ ግን ሕጉን አዲስ ሰው ለመመለሻ በር አደረጉት። ከዚሁ ጋር ሊታሰብ የሚገባው፣ ለብዙ ጊዜ በደንቡ መክፈቻ ላይ የነበረው፣ መዝገቡ የሚጠይቀው በምንጭ መረጋገጥን እንጂ እውነትነትን አይደለም የሚለው አነጋገር በዚያው በ2012፣ ከረጅም ክርክር በኋላ፣ ከመክፈቻው ላይ መነሣቱ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ቃሉ እውነትን ለመናቅ ሰበብ መሆኑን ተረድተዋል ማለት ነው።

4. ስለ ራሱ የተጠየቀው ደራሲና ያልታየችው ፕሮፌሰር

ሌሎች ሁለት ጉዳዮች ይህንኑ ያጠናክራሉ። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮት ዘ ሂዩማን ስቴይን የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ከየትኛው ሰው ሕይወት እንደ ወሰዱት በውክፔዲያ የተጻፈው ስሕተት ነው ብለው እንዲታረም ጠየቁ። የደራሲው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሮትም በሴፕቴምበር 2012 በኒው ዮርከር መጽሔት ግልጽ ደብዳቤ አሳተሙ፤ ደብዳቤውም ታትሟልና ወዲያውኑ ምንጭ ሆነ። የተናገረው ያው ሰው ነው፣ ቃሉም ያው ቃል ነው፤ የተለወጠው ማንም ሄዶ ሊያመሳክረው በሚችል ስፍራ መቀመጡ ብቻ ነው።

ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ዶና ስትሪክላንድ ደግሞ በኦክቶበር 2018 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ገጽ አልነበራቸውም። በሜይ ወር አንድ ሰው ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን ስለ እርሳቸው ሌሎች የጻፉት በቂ ምንጭ አልቀረበም ተብሎ ተመልሷል። አዘጋጁ ደንቡን ተከትሏል ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ከደንቡ አስቀድሞ የነበረ ነው፤ ጋዜጦችና መጻሕፍት ስለ ሴት ሊቃውንት ሳይጽፉ ከቀሩ፣ ከጋዜጦችና ከመጻሕፍት የሚቀዳው መዝገብ የእነርሱን ዝምታ ይወርሳል።

5. በቃል ስላለው ዕውቀት

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይደርሳል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ተረቱ ከውክፔዲያ ሕግ ጋር የተስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን መጽሐፍ የሌለው ዕውቀት ሐሰት ነው አይልም። ይረሳልና ፈጥነህ ጻፈው ማለቱ ነው።

ሕንዳዊው ጸሐፊ አቻል ፕራብሃላ በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ችግር በሕንድና በደቡብ አፍሪካ መረመሩ። ፊልምም ሠሩበት። በሕንድ በኬራላ ክፍል ሕፃናት የሚጫወቱት፣ ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚያውቀው ጨዋታ በታተመ ምንጭ እጦት በመዝገቡ ሊጻፍ እንደማይችል አሳዩ። እንግዲህ ሰዎቹን ጠይቆ ድምፃቸውን ቀድቶ፣ ያንን ቅጂ እንደ ምንጭ መጥቀስ ለምን አይቻልም? ብለው አሳብ አቀረቡ። አሳቡ ብዙ ሰው ቢያስደስትም በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አጠቃላይ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ ማንም ሰው የፈለገውን አናግሮ ምንጭ አገኘሁ ቢል የቀድሞው ጠብ ይመለሳል የሚል ነው።

የታሪክ ትምህርት ግን ይህን ችግር አስቀድሞ ያውቀዋል። ቤልጅጋዊው ሊቅ ዣን ቫንሲና በ1961 ባሳተሙት ስለ ቃል ትውፊት በሚናገር መጽሐፍ፣ በቃል የተላለፈ ነገር እንደ ጽሑፍ ሁሉ ሊመዘን እንደሚችል አስረድተዋል። ተናጋሪው ማን ነው? ከማን ሰማ? በነገሩ ምን ጥቅም አለው? ሌላውስ ምን ይላል? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ምርመራ ያደረገ ሰው ሥራውን ሲያሳትም የቃል ዕውቀት ወደ ምንጭነት ይለወጣል።

በአገራችን የተጻፈውም እንኳ ቢሆን ብዙው ከዚህ ደረጃ አልደረሰም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ በሚገኙ የብራና መጻሕፍት፣ በተለይም በወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ፣ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የውርስና የግዢ ውል ተጽፎ ይገኛል። ይህ ለኢትዮጵያ ታሪክ የከበረ ማስረጃ ነው፤ ለውክፔዲያ ግን አንድ ሰው ገዳም ሄዶ ያነበበው ኅዳግ ምንጭ አይሆንም፤ ሌላው ሊያመሳክረው አይችልምና። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍል በኮሌጅቪል በሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ቍጥራቸው ወደ 9,000 ይጠጋል። የእነዚህ መዘርዝር ከ1975 ጀምሮ በየቅጹ ታትሟል፤ በዚህም ሥራ በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመን ደክመዋል። አንድ ብራና በመዘርዝር ቍጥር ተሰጥቶት ይዘቱ ከተገለጠ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ያለውም በቶኪዮ ያለውም ተማሪ ሊጠቅሰው ይችላል። በገዳም ግምጃ ቤት በነበረውና በመዝገበ ዕውቀት በሚጠቀሰው መካከል ያለው ድልድይ ይህ ዓይነቱ አድካሚ ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ አደጋ መጠቆም ያስፈልጋል። በትናንሽ ቋንቋዎች በሚዘጋጁ ውክፔዲያዎች ሕጉ ቢኖርም የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ነው። በ2020 በስኮትስ ቋንቋ በሚዘጋጀው ውክፔዲያ እጅግ ብዙ ሺህ ጽሑፎች ቋንቋውን በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት የተጻፉ ሆነው ተገኙ። የክሮኤሽያኛውን ውክፔዲያም ጥቂት አስተዳዳሪዎች ለ10 ዓመት ያህል በእጃቸው አስገብተው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ሲያጣምሙ መኖራቸውን የዊኪሚዲያ ድርጅት በ2021 ባወጣው ጥናት ገልጧል። በሁለቱም ስፍራ የጐደለው ሕግ አልነበረም። የጐደለው ገጹን የሚያነብ፣ ምንጩን የሚያመሳክርና በውይይት ገጽ የሚሟገት ሰው ነው። የአማርኛው ውክፔዲያም ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ቢኖሩትም ከትናንሾቹ ወገን ነውና ይህ ምሳሌ ሊያስጠነቅቀን ይገባል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው ሦስት ነገር መገንዘብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ስለ ምንጭ የወጣው ሕግ የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ዳኛ አብረው የሚሠሩበት ውል ነው። ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚደርስ የሲገንታለር ነገር ያሳየናል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከአያቱ የሰማውን ወይም በገዛ ጥናቱ የደረሰበትን ነገር በውክፔዲያ ገጽ ላይ በቀጥታ ቢያስገባና ቢሰረዝበት፣ ስሜቱ ቢጎዳም ውሉ ተጠበቀ እንጂ እርሱ አልተናቀም። የእርሱ ከገባ የጎረቤቱ ሐሰትም የሚገባበት በር ይከፈታልና።

ሁለተኛ፣ ሕጉን የሚጠብቅ ሰው የሕጉን ምክንያት ማወቅ አለበት። ምክንያቱን የዘነጋ ጠባቂ በቺካጎው ነገር እንደ ታየው መዝገቡን ገልጦ ማየት ሲችል የመጻሕፍትን ቍጥር ይቈጥራል። አዲስ ሰው እርማት ሲያመጣ ከመሰረዝ አስቀድሞ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም መስማት ይገባል። ጥያቄው የተሠራው ለመጠየቅ ነው፤ መልሱ ሳይሰማ የሚሰርዝ ሰው ጥያቄውን አልጠየቀም።

ሦስተኛና ዋናው፣ ይህ ሕግ ዕውቀትን አይወልድም፤ አስቀድመው የወለዱትን ይከተላል። ሌሎች ብዙ በጻፉበት አገር ሕጉ ሲሳይ ነው፤ ጥቂት በተጻፈበት አገር ግን የተዘጋ በር ይመስላል። በሩን የሚከፍተው በደንቡ ላይ ማጉረምረም አይደለም፤ አዛውንትን በስማቸው፣ በስፍራውና በቀኑ መዝግቦ፣ የብራናውን ኅዳግ አንብቦና ገልብጦ፣ በስም ፈርሞ ማሳተም ነው። እንዲህ ያለ የተማሪዎች የጥናት መጽሔት ትንሽ ቢሆንም ከዚህ ሥራ ወገን ነው። በዚህ የሚታተም ጽሑፍ ነገ አንድ የማናውቀው ሰው «ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሊጠቅሰው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈውን ያ ሰው የሚያምነው ሆኖ እንዲገኝ አድርገን መጻፍ ግዴታችን ነው፤ እኛ ምንጭ ሳንጠቅስ ያሳተምነው ስሕተት በእርሱ እጅ ምንጭ ያለው ስሕተት ይሆናልና።